በመታጠፊያው ላይ የደረደርኩት ድንጋይ

ጋሽ ዲንሳ ክፉ ሰው አይደሉም። ከደብረ ብርሃን ተነስተን በነቀምት አድርገን መንዲ እስክንደርስ፣ በሦስት ቀን መንገድ አንድም ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አልተናገሩኝም። ሃያ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው እንዲህ ጨዋ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ግን አንዲት ቃል አለቻቸው፤ «ገና ነው»። ረፈደ ስላቸው «ገና ነው»። መሸ ስላቸው «ገና ነው»። ያን ዓርብ ጠዋት ጊምቢ ላይ ቁርስ ሊበሉ ሲቀመጡ እጄን ዘርግቼ ሰዓቴን አሳየኋቸው። የጎረሱትን በደንብ አላመጡ፣ ውኃ ጠጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ «ገና ነው እህቴ» አሉኝ። ሰው በአንዲት ቃል የተነሳ ሊጠላ ይችላል ብትሉኝ አላምንም ነበር። ያን ቀን ግን አመንኩ።

የምቸኩለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ደብዳቤ አለ። እኔ ደብረ ብርሃን ባዮሎጂ ሳስተምር፣ ባለቤቴ ስለሺ ደግሞ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ስድስት ዓመት ተለያይተን ኖረናል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለፋሲካና ለክረምት፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው አልጋ አነጥፌ የምጠብቀው ባል ነው ያለኝ። በየዓመቱ ዝውውር እንጠይቃለን፣ በየዓመቱ «ቦታ የለም» እንባላለን። ዘንድሮ ተሳካ። ደብዳቤው እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አሶሳ ትምህርት ቢሮ በአካል ቀርቤ ሪፖርት እንዳደርግ ያዛል። «ይህ ካልሆነ ዝውውሩ ተሰርዞ ወደ ነበሩበት የሚመለሱ ሲሆን ቦታው ለተጠባባቂዋ ይሰጣል» ይላል። የተጠባባቂዋ ስም ከስሜ ሥር ሰፍሯል፤ ገላኔ። ገላኔን አይቻት አላውቅም። በመንገዱ ሁሉ ግን አብራኝ ነበረች። አሶሳ ላይ ጫማዋን ወልውላ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ግድግዳ ሰዓት ላይ ዓይኗን ተክላ ትታየኝ ነበር።

ከተሰጠኝ አሥር ቀን ሰባቱ ያለቀው በመልቀቂያ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ፈርሜ የተረከብኳት አንዲት ማይክሮስኮፕ ጠፍታ፣ እሷን ስፈልግ ሰባት ቀን ሄደ። በመጨረሻ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ከተነፈሱ ኳሶች ሥር ተገኘች። ለምን ዕቃውን ትቼ በአውቶቡስ ቀድሜ እንዳልሄድኩ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። አሶሳ መግቢያ ባለው ኬላ ላይ የዕቃው ባለቤት ካልታየች ጭነቱ አያልፍም። ስለዚህ እኔና አልጋዬ፣ እኔና ፍሪጄ፣ እኔና ባለ መስታወቱ ቁም ሳጥን አብረን ተጫንን።

ስለሺ ሊመጣ ነበር። «አብረን እንጭናለን፣ አብረን እንገባለን» ብሎኝ ነበር። ሁለት ቀን ሲቀረው ደወለና «በልዬ፣ የክረምት ተማሪዎች እያስፈተንኩ ነው፤ የሚተካኝ ሰው አጣሁ» አለኝ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ፈተና ላይ ነህ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። እውነቱን ግን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ስለሺ ፈሪ ነው። ይህን ለሐሜት አይደለም የምለው፣ እሱም ራሱ አይክድም። ውሻ ካየ መንገድ ይቀይራል። መብረቅ ሲጮህ ሶኬት ሁሉ ይነቅላል። ያ መንገድ ደግሞ ባለፉት ዓመታት ብዙ ሰው ያስለቀሰ መንገድ ነው፤ አሁን ረግቷል ቢባልም እሱ ሲመጣም ሲሄድም በአውሮፕላን ካልሆነ ንቅንቅ አይልም። እኔን ግን በአይሱዙ ጋቢና በዚያው መንገድ አስመጣኝ። ይህ አንጀቴን ያሳረረኝን ያህል ሌላ ነገር አላሳረረኝም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መንዲን አልፈን ብዙ ሳንርቅ፣ ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር ጧ አለ። ጋሽ ዲንሳ ዳር ይዘው ቆሙና ኮፈኑን ከፈቱ። እንደ ሞተ እባብ የተጋደመ ጥቁር ጎማ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አሳዩኝ።

«ቺንጋ ነው። ውኃ የሚያዞረው እሱ ነው። ያለሱ ሞተሩ ይፈላል።»

«ትርፍ አልያዙም?»

«ነበረኝ። አምቦ ላይ ለአንድ ወዳጄ ሰጠሁት፤ መንገድ ላይ ቆሞ አገኘሁት። መንዲ ላይ ደግሞ አይገኝም።»

ለወዳጃቸው ሰጡት! ምላሴን ነክሼ ስልኬን አወጣሁ። አንድ መስመር ኔትወርክ አለ። ስለሺ ወዲያው አነሳው። ጋሽ ዲንሳ ከተበጠሰው ቺንጋ ላይ ቁጥሩን እያነበቡልኝ እኔ ሦስት ጊዜ ጮኼ ነገርኩት። «ከመንዲ ወጥተን ነው፣ ፈልገህ ይዘህ ና!» ስለው ድምፁ ተቆራረጠ፤ ከዚያ ጭራሹን ጠፋ። ይስማኝ አይስማኝ አላወቅኩም። ቢሰማኝስ በዚህ መንገድ ይመጣል ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ፤ መልሱን ግን እዚያው ጋቢና ውስጥ ለራሴ ሰጠሁት። አይመጣም።

ጋሽ ዲንሳ ዕቃው ከታሰረበት አሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ላይ በቢላ አንድ ቀጭን ቁራጭ ቆርጠው በቺንጋው ፈንታ አሰሩት። «ቀስ ብለን ባምባሲ እንገባለን» አሉ። እኔም ቀስ ማለቱ ደሜን ቢያፈላውም ደስ አለኝ። የሰባት ኪሎ ሜትር ደስታ ነበር። ካላማዳሪው ተበጠሰ፣ ሞተሩ ፈላ፣ በነጭ እንፋሎት ውስጥ ሆነን ቆምን። አሁን ደግሞ የቆምነው በሁለት መታጠፊያዎች መካከል፣ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ በሆነበት፣ ከሣሩ ኋላ ቀርከሃ በተጠቀጠቀበት፣ ስልኬም በኔትወርክ ፈንታ የመስቀል ምልክት ብቻ በሚያሳይበት ቦታ ነው። ሰዓቱ ሰባት ከአሥር ነው።

«ጋሽ ዲንሳ፣ አሥራ አንድ ተኩል አሶሳ መድረስ አለብኝ።»

«ገና ነው እህቴ።» ከመኪናው ፊትና ኋላ በእኛ በኩል ሦስት ሦስት ድንጋይና ጥቂት ቅጠል አስቀመጡ፤ መኪና የተበላሸበት ሁሉ እንደሚያደርገው። ከዚያ ጀሪካናቸውን አንስተው ራዲያተሩን የሚሞሉበት ውኃ ፍለጋ ወደ ሸለቆው ወረዱ።

ብቻዬን ስቀር ዕቅድ አወጣሁ። ጭነቱ ከእሳቸው ጋር ይደር፣ እኔ የሚያልፍ መኪና ላይ ተሳፍሬ አሶሳ እገባለሁ፣ ፈርሜ ነገ ኬላው ድረስ እመለሳለሁ። ጥሩ ዕቅድ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንድ ነጭ ሚኒባስ መጣ። ደብዳቤዬን እያውለበለብኩ መሐል መንገድ ገባሁ። ሚኒባሱ ጥሩምባውን እየነፋ ዳር ይዞ አለፈኝ። ከመስኮቱ አንዲት ሴት አየችኝ፤ ዓይን ለዓይን ተያይተናል፤ ግን አለፈች። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንድ አይሱዙ መጣ። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ሊቆምልኝ ነው ስል፣ ወደ ሣሩ አሻግሮ አየና ነዳጅ ሰጥቶ ተፈተለከ። የኩሬ ውኃ ቀሚሴ ላይ ረጨብኝ።

ያኔ ትዕግስቴ አለቀ። ልሸፋፍነው አልፈልግም፤ በጣም ተናደድኩ። በስለሺ ተናደድኩ፣ በገላኔ ተናደድኩ፣ በማይክሮስኮፗ ሳይቀር ተናደድኩ። እሺ፣ በልመና ካልቆማችሁ በግድ ትቆማላችሁ አልኩ።

በአሶሳ በኩል ወዳለው መታጠፊያ ሄድኩ። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ እያነሳሁ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ጠርዝ ደረደርኩ፤ በላዩም የዛፍ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ እየጎተትኩ ከመርኩበት። ብስክሌት እንኳ የሚያሳልፍ ክፍተት አልተውኩም። ተመልሼ በመንዲ በኩል ያለውንም መታጠፊያ እንዲሁ አደረግኩ። እጄ ተላጠ፣ ጥፍሬ ተሰበረ፣ ግን ከጠዋት ጀምሮ ያን ያህል ደስ ያለኝ ጊዜ አልነበረም።

ሁለተኛውን ሳጠናቅቅ አንድ የበርታ ሽማግሌ ቀርከሃ ተሸክመው ከሣሩ ውስጥ ብቅ አሉ። ድንጋዩን አዩ፣ ቅጠሉን አዩ፣ እኔን አዩ። ሸክማቸውን አወረዱ።

«ሰላም አለይኩም። ይሄ አንተ አደረገ?»

«አዎ አባቴ። መኪናችን ተበላሽቶ ነው።»

«ወላሂ ጥሩ የለም ይሄ። መንገድ ሙሉ ድንጋይ አታድርግ። ትንሽ ብቻ። ሙሉ ከሆነ ሰው ይፈራል፣ ይመለሳል።»

«ይፍሩ! ፈርተው ይቁሙልኝ!» አልኳቸው።

ሌላ ሊሉኝ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ግን ሃምሳ ተማሪ ጸጥ የሚያሰኝ ዓይን አለኝ፤ በእሱ አየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ቀርከሃቸውን ተሸከሙ። «አላህ ያግዝህ» ብለውኝ መንገዱን ተሻግረው ወደ እርሻቸው ሄዱ። ለአንድ አዛውንት እንዲህ መመለሴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ጋሽ ዲንሳ በሸለቆው በኩል ወጥተው በቀጥታ ወደ መኪናው ስለመጡ የሠራሁትን አላዩም። እኔም አልነገርኳቸውም። መኪኖቹ ተሰልፈው ሲቆሙ ያዩታል፣ ያን ጊዜ «ገና ነው» የሚለው ቃል ከአፋቸው ይጠፋል ብዬ ነው። ጋቢና ውስጥ ገብቼ መጠበቅ ጀመርኩ።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ማንም አልመጣም። ስምንት ተኩል ላይ ዝናቡ ወረደ፤ ሸራው በአንድ ጥግ ተቀዶ ኖሮ ፍራሼ ላይ ሲንጠባጠብ እሰማለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዝናቡ ሲያባራ ከአሶሳ በኩል የሞተር ድምፅ ተሰማ። ቦርሳዬን ይዤ ዘለልኩ። ድምፁ ቀረበ፣ ቀረበ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ቆመ። ከዚያ ጥርስ ሲቀየር ሰማሁ፤ ድምፁም መራቅ ጀመረ። ከመንዲ በኩልም እንዲሁ ሆነ፤ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይርቃል። ሦስተኛው ሲርቅ ጫማዬን አውልቄ ወደ መታጠፊያው ወረወርኩት።

«ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ሰው ተቸግሮ እያወቁ ይመለሳሉ?»

ጋሽ ዲንሳ ወደ እኔ ቀረቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ተለውጦ አየሁ። ሣሩን አሻግረው ያያሉ፣ ጆሯቸውን ያቀናሉ። «መንገዱ እንዲህ ጭር ሲል ደስ አይለኝም። ወደ ፊት አንድ ነገር ሳይኖር አይቀርም። ከመኪናው አትራቂ» አሉኝ። እኔ ግን የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ብቻ ነበር። አሥር ሰዓት ሆነ። በእጄ ላይ የሚዞረውን ቀጭን ሰከንድ ቆጣሪ ልነቅለው ቃጣኝ። አሥር ተኩል ሲሆን አሁን መኪና ቢገኝ እንኳ እንደማልደርስ ገባኝ። ሆድ ባሰኝና አለቀስኩ። ጋሽ ዲንሳ ሶፍት አቀበሉኝ፤ «ገና ነው» ሊሉ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየሁና «እንዳይሉኝ!» አልኳቸው። አላሉኝም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጋቢናው ጠበበኝ። ወርጄ በአሶሳ በኩል ወዳለው መታጠፊያ ሄድኩና ከደረደርኳቸው ድንጋዮች በአንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ገላኔ አሁን ከወንበሯ ተነስታ ቀሚሷን እያስተካከለች ይሆናል። እኔ ደግሞ ከነርጥብ ፍራሼ ወደ ደብረ ብርሃን እመለሳለሁ፤ እንደገና ፋሲካ፣ እንደገና ክረምት፣ እንደገና በስልክ «ደህና እደሪ»።

አንድ ሰው ከሩቅ ሲመጣ አየሁ። ዳር አልያዘም፤ በመንገዱ መሐል ለመሐል ነው የሚራመደው። ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ አንስቷል። አንገቱ ላይ ጥቁር ነገር ተንጠልጥሏል። የአእምሮ ሕመምተኛ መሰለኝና ልሸሽ ተነሳሁ። ሲቀርብ ድምፁን ሰማሁት። ግራና ቀኝ ወዳለው ሣር እየዞረ ይጮኻል።

«መምህር ነኝ! መሣሪያ የለኝም! ሚስቴን ፈልጌ ነው! እባካችሁ፣ ሚስቴን ፈልጌ ነው!»

ግራ እግሩን ትንሽ ወደ ውጭ የሚጥለው አረማመድ ነው ያስታወቀኝ።

«ስለሺ!»

ባለበት ደርቆ ቆመ። እጁን አላወረደም። እየሮጥኩ ስደርስበት ዓይኑ እኔ ላይ አልነበረም፤ ከኋላዬ ያለውን ቅጠል ነበር የሚያየው። በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

«ስንት ናቸው?»

«እነማን?»

«የያዟችሁ።»

ዞሬ ድንጋዩን አየሁ። በእሱ ዓይን፣ ከመንገዱ በዚያኛው በኩል ሆኜ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የተዘጋ አስፋልት፣ የተከመረ ቅርንጫፍ፣ ግራና ቀኝ ሰው የሚሸሽግ ሣር። ሽማግሌው የነገሩኝ፣ ሾፌሮቹ ሁሉ ያዩት፣ የሸሹትም ይህንን ነበር።

«ማንም የለም» አልኩት። «ድንጋዩን የደረደርኩት እኔ ነኝ።»

አልገባውም። ደግሜ ነገርኩት። እጆቹ አሁንም ላይ ናቸው፤ እኔ ራሴ ነኝ አንድ በአንድ ይዤ ያወረድኳቸው። ሲወርዱ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ። እኔም ከጎኑ ተቀመጥኩ።

ቁጥሩን ሰምቶኝ ነበር። ፈተናውን ተማሪዎቹ እጅ ላይ ጥሎ ወጥቶ፣ አሶሳ ላይ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ቺንጋውን አግኝቷል። መኪና ተከራይቶ ባምባሲን አልፎ መጣ። ከዚህ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ያለች መንደር ሲደርስ ሃያ መኪና ቆሞ አገኘ። «መንገዱ ተዘግቷል፣ ታጣቂ አለ፣ አንድ አይሱዙ ከነሴትዮዋ ይዘዋል» ይሉ ነበር። ቀደም ሲል ያለፈኝና ሲመለስ እዚያ የታገደው የሚኒባስ ሾፌር የለበስኩትን ቀሚስ ቀለም ሳይቀር ነገረው። ወታደር ተጠርቷል፣ ግን ገና አልደረሰም። የተከራየው መኪና ሾፌር ወደ ፊት ንቅንቅ አልልም አለ። ስለሺ ስልኩን፣ ሰዓቱንና ኪሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለሾፌሩ አስረክቦ፣ ቺንጋውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በእግሩ መጣ። ሲከለክሉት «ሚስቴ ናት» ብቻ ነበር መልሱ። አምስት ኪሎ ሜትሩን ሙሉ እጁን እንዳነሳ ነው የመጣው።

«ገድለውሻል ብዬ ነበር» አለኝ። ከዚያ አለቀሰ። ውሻ አይቶ መንገድ የሚቀይረው ባሌ። ቀኑን ሙሉ በልቤ የሰደብኩትን ስድብ ሁሉ አስታወስኩና ወዴት እንደምገባ ጠፋኝ።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

ጋሽ ዲንሳ ድምፃችንን ሰምተው መጡ። ድንጋዩን አዩት። እኔን አዩኝ። የሚሉኝን ሁሉ ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር። ጎንበስ ብለው ቺንጋውን ከስለሺ አንገት ላይ አወጡ፣ ወጠር ወጠር አድርገው ለኩት፣ «ልኩ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» ብለው ወደ መኪናቸው ተመለሱ። ሲሄዱ አንድ ትልቅ ድንጋይ በእግራቸው ገፋ አድርገው ከመንገዱ አወጡ።

እጄን አየሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን አራት ደቂቃ ይቀረዋል። አሶሳ ከዚህ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። አንድ ሰው አሁን ደብዳቤዎቹን እየሰበሰበ ነው፣ አንድ ሰው ገላኔን «ነይ ፈርሚ» እያላት ነው።

ስለሺ ሊነሳ ሞከረ። ትከሻዬን ያዘ። ድንገት ነገሩ ትዝ ብሎት ዓይኑ ፈጠጠ።

«ደብዳቤሽ! በልዬ፣ ዛሬ እኮ ነው። ስንት ሰዓት ሆነ?»

እጅጌዬን ሳብ አድርጌ ሰዓቴን ሸፈንኩት።

«ገና ነው» አልኩት።